የመምህርቷ ዕቅድና የእናቴ ተራራ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ዕቅድ ብዙ ያውቃል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ተዘግቶ ትንፋሻችን ገና ሳይመለስ የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ጠረጴዛችን ላይ ይደርሳል፤ ይህን ያህል አዲስ ሂሳብ፣ ይህን ያህል ተቀማጭ፣ ይህን ያህል በስልኩ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ደንበኛ። ሮቤ ከተማ በሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ ከመስኮት ጀርባ ከተቀመጥኩ አሥር ዓመት ሊሆነኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስንት ዕቅድ እንደፈረምኩ አላስታውስም። ማታ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ወደ ጎባ ስመለስ፣ በሚኒባሱ መስኮት የስንዴውን ማሳ እያየሁ ስለ አንዳቸውም አስቤ አላውቅም።

አንድ ዕቅድ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የእኔ አይደለም። የልጄ መምህርት ዕቅድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም፣ ልጄ አራተኛ ክፍል ስትገባ፣ ለወላጆች ስብሰባ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት ጠና ያሉ፣ ነጠላቸውን በደንብ የተከናነቡ መምህርት በር ላይ ጠበቁኝ።

«ባንክ ነው የሚሠሩት አሉ። ኤክሴል ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ከእሱ ሌላ ምን አውቃለሁ ብለው ነው!» አልኩ እየሳቅሁ።

«እንግዲያው እግዜር ነው ያመጣልኝ» ብለው ከቦርሳቸው አራት ተጣጥፎ የቆየ ወረቀት አወጡ።

መምህር ያልሆነ አንባቢ ላያውቀው ይችላልና ላስረዳ። በአገራችን አንድ መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ለራሱ የሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቅበታል። መምህራኑ በአጭሩ «ሲፒዲ» ይሉታል። በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩ ድክመቱን ይመረምራል፤ ምን እንደሚያሻሽልና እንዴት እንደሚያሻሽል ጽፎ በማኅደሩ ያስቀምጣል። ብዙው መምህር እንደ እኔው የባንክ ዕቅድ ፈርሞ ይረሳዋል። የአምናውን ገልብጦ ቀኑን ብቻ የሚለውጥም አይጠፋም። እኚህ መምህርት ግን ጡረታ ለመውጣት አምስት ዓመት ሲቀራቸው፣ ገና ትናንት እንደተመረቀ ሰው ቁጭ ብለው ሦስት ግቦች ጽፈዋል።

ወረቀቱ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል ቆጠርኩ። ሁለት መስመር ሳልዘልቅ አስተውለውኝ ኖሮ፣ ሳያሳፍሩኝ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ።

አንደኛ፤ ልጆቹ የአካባቢያቸውን ዕፅዋት፣ እንስሳትና መልክዓ ምድር በቋንቋቸው በትክክል እንዲጠሩ፣ ስሞቹን ከአረጋውያን መሰብሰብ። ሁለተኛ፤ የተሰበሰበውን በስልክ ድምፅ ቀድቶ፣ በኮምፒውተር ጽፎ ማኖር። ሦስተኛ፤ በዚያ በተሰበሰበው ነገር የአካባቢ ሳይንሱን፣ ሒሳቡን፣ ቋንቋውንና ሥዕሉን ባንድ ላይ ማስተማር።

«ሦስተኛው አልገባኝም» አልኩ።

«ኮሶን ይውሰዱ» አሉኝ። «ልጆቹን ይዤ ወደ ቶጎና ወንዝ እወርዳለሁ። ሄጦ ይሉታል ትልልቆቹ፤ ስሙ የቋንቋ ትምህርት ነው። ግንዱን በገመድ እንለካለን፤ ይህ ሒሳብ ነው። ወንዱና ሴቱ ዛፍ ለየብቻ ነው፤ ይህ ሳይንስ ነው። አበባው ለሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ስንት ዘመን ሰው አሽሯል፤ ይህ ደግሞ ታሪክ ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው ይሥሉታል። ዛፉ አንድ ነው። አራት ቦታ የቆራረጥነው እኛ ነን።»

ይህን ያህል ዘመን ግጥም ስጽፍ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር አልወጣልኝም። ኤክሴሉን ልሠራላቸው ቃል ገባሁ።

*

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል።

የተወለድኩት በ1984 ዓ.ም. ጎባ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኦሮሞ ምሁራን አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ እንዲጻፍ ወሰኑ። ስለዚህ እኔና የቁቤ ትምህርት እኩያሞች ነን። እኩያሞች እንሁን እንጂ ጓደኛሞች አልሆንም።

ጎባ የድሮው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዳኛው፣ ወታደሩ፣ ጸሐፊው ከየአገሩ መጥቶ የሰፈረባት ከተማ ናት። አባቴ ከሰሜን ሸዋ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ከከተማው ወደ ደቡብ ሽቅብ ከሚታየው ደጋ የወረደች የገበሬ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ለእኛ ለልጆቿ ግን አማርኛ ብቻ ተናገረችን። የመጨረሻ ልጇ ስለሆንኩ እኔ ስደርስ ደግሞ አማርኛው ቤቱን ጨርሶ ሞልቶት ነበር። ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ስታወጋ፣ ስትስቅ፣ ለቅሶ ቤት ስታስተዛዝን በሌላ ድምፅ፣ በሌላ ፊት ነበረች። ወደ እኛ ስትዞር አማርኛዋን እንደ ነጠላዋ አስተካክላ ትለብሳለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠይቄያት አላውቅም። ያደገችበት ዘመን መልሱን ይነግረኛል ብዬ አስባለሁ፤ እሷ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማመልከቻው ሁሉ በአማርኛ ብቻ ነበር። ልጆቿ በአስተርጓሚ እንዲቆሙ አልፈለገችም።

እኔም በአማርኛው ክፍል ተማርኩ። አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ለፈተና ያህል አጥንቼ ከፈተናው ወረቀት ጋር መለስኩት። የገበያ ኦሮምኛ አላጣም፤ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ ዋጋ እከራከራለሁ። በዚያ ቋንቋ ግን ማዘንም ሆነ ግጥም ማሰብ አልችልም።

ልጄን በአፋን ኦሮሞው ክፍል ያስገባናት በባለቤቴ ግፊት ነው። «የምትኖረው እዚህ አይደል? የአገሯን ቋንቋ ታንብበው» አለች። እኔ ዝም አልኩ። እናቴ ግን ያን ቀን ቡና አፈላች።

*

መምህርቷ በ1984 ዓ.ም. ገና ጀማሪ መምህርት ነበሩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩት በአማርኛ ነው፤ በማሠልጠኛ ተቋምም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ክረምት ላይ ቁቤ ተማሩ ተባሉ፤ በመስከረም ደግሞ አስተምሩ ተባሉ።

«ከልጆቹ በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር የምቀድመው» ይላሉ እየሳቁ። «ሌሊት አጠናና ጠዋት አስተምራለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው። ድሮ በክፍል ውስጥ የሚቀልድ ልጅ አልነበረኝም። ለካ ቋንቋው ላይ ነበር የተቸገሩት።»

አፋን ኦሮሞን ለመጻፍ የተደረገው ጥረት ግን በዚያ ዓመት የተጀመረ አይደለም። በባርነት ተሸጠው የነበሩት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከነፃነታቸው በኋላ በግዕዝ ፊደል ጽፈውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ፣ በ1899 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሟል። ያ የማንበቢያ መጽሐፍ አስቴር ከልጅነት ትዝታዋ ያወጣቻቸውን የሕዝብ ተረቶችና ዘፈኖች ይዟል። ለመምህርቷ ይህን ስነግራቸው «አየህ፣ የመጀመሪያዋ ሲፒዲ የሠራች እሷ ናት» አሉኝ። (ያን ጊዜ «አንተ» ማለት ጀምረው ነበር፤ ኤክሴሉ አቀራርቦናል።) ከሐረርጌ የተነሡት ሊቅ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ለቋንቋው የተለየ የራሱን ፊደል ፈጥረው ነበር፤ የጊዜው መንግሥት አልፈቀደላቸውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞን በግዕዝ ፊደል ጽፎታል። እናቴ ማንበብ የለየችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ የምስክር ወረቀቷ ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ።

እንግዲህ ቤታችንን ተመልከቱ። እናቴ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ቁቤውን አታነብም። ልጄ ቁቤውን ታነባለች፣ ከቋንቋው የምታውቀው ትምህርት ቤት ያስተማራትንና ከጓደኞቿ የሰማችውን ነው። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ሁለቱንም አላውቅም። ድልድዩ የፈረሰው መሐሉ ላይ ነው።

*

ስለ ሁለተኛው ግብ፣ ስለ ቴክኖሎጂው፣ ከመምህርቷ ጋር ተከራክረናል።

የእኔ ትውልድ ቴክኖሎጂን በክፍል ውስጥ ያየው በፕላዝማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የታሰረ ቴሌቪዥን ጠበቀን። በሳተላይት ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ ትምህርት ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ፊዚክስ የሚያስተምረን ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቅና ሰዓቱን ቆጥሮ ራሱ ይመልሳል። እጅህን ብታወጣ አያይህም። የክፍሉ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋና ያ መምህር ጠመኔውን አንሥቶ ያንኑ ትምህርት እንደገና አስተማረን። ስለ ፍጥነትና ጉልበት ዛሬ የማስታውሰው መብራት በጠፋበት ቀን የተማርኩትን ነው።

«ስለዚህ ስልኩ ይቅር ትላለህ?» አሉኝ።

«መሣሪያ ሰውን እንዳያስረሳ ነው የምለው።»

«ፕላዝማው የሚናገር እንጂ የሚሰማ አልነበረም። እኔ የምፈልገው የሚሰማ መሣሪያ ነው።»

ተረታሁ። የመምህርቷ ስልክ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ መደበኛ ስልክ ነው። የሚፈልጉት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅ መቅጃና መጻፊያ። ቁቤ ደግሞ በማንኛውም ስልክ ይጻፋል፤ የኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ በዩኒኮድ እስኪገባ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ያየውን አበሳ አላየም። አፋን ኦሮሞ ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በጉግል ትርጉም ውስጥም ገብቷል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። በሰነቴ አምባ ላይ በጎች የጠበቀች ሴት በአፏ የያዘችውን ከየት ያምጣው?

ኤክሴሉን በአምስት ዓምድ ሠራሁት፤ ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ የተናገረው ሰው ዕድሜ፣ ቦታው፣ የድምፁ መለያ ቁጥር። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቤት ሄጄ ልጆቹ ያመጡትን አስገባ ነበር። የደጋው ሣር ውስጥ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ «ጄደለ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ እንደሚባል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችን ስለሚከተል ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው እኛው ተራራ ላይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን ባንክ ውስጥ በቴሌቪዥን አይተን አጨብጭበናል። ላጨበጨብንለት እንስሳ ጎረቤቶቹ ያወጡለትን ስም ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቅ ነበር?

*

በታኅሣሥ የወላጆች ቀን ሆነ። መምህርቷ ግጥም እንዳነብ ለመኑኝ። ስለ ደጋው የጻፍኩትን መረጥኩ። ለአክብሮት ብዬም ርእሱን በራሴ እጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቁቤ ጻፍኩ። የባሌ ደጋ ለማለት። ደጋ በኦሮምኛ «በዳ» ነው፤ «ዳ» ጠብቆ ይነበባል። እኔ የግዕዝ ፊደል ልጅ ነኝ፤ የሚጠብቀውን ከማይጠብቀው በዐይን ለይቼ አላውቅም፣ በልማድ ነው የማነበው። በቁቤ ግን የሚጠብቅ ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እኔ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ሳይጠብቅ «በዳ» ማለት ደግሞ ብልሹ፣ መጥፎ ማለት ነው።

አራተኛ ክፍል በሙሉ ሳቀ። ልጄ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ የጎደለችውን ፊደል ጨመረልኝና በክብር ተቀመጠ።

እኔ አንድ ዜሮ ብትጎድል ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ የምታድር ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሳቅሁና አለፍኩ። አንድ ፊደል ምን ያህል ክብደት እንዳላት የገባኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

*

በጥር ወር እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ደከመ፤ አንደበቷ ተሳሰረ። ሲፈታም አማርኛዋ አልተመለሰም። ሐኪሙ በሁለት ቋንቋ በኖረ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊታይ እንደሚችል፣ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ላይመለሱ እንደሚችሉ ነገረን። እናቴ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያነጋገረችኝን ቋንቋ ትታ ከእኔ በፊት ወደነበረችበት ተመለሰች። የማውቀው ፊቷ ነበር፤ ዐይኖቿ ያውቁኛል፤ ቃሏ ግን እንደ ጎረቤት ቃል በአጥር ላይ ያልፈኛል።

አንዲት ነገር ግን ትደጋግማለች። ምላሷ እየተጎተተ፣ በጤነኛ እጇ የቀሚሷን ጨርቅ እየጨበጠች፣ «ገ…ራ ኮ» ትላለች። «ኮ» የኔ ማለት ነው፣ አውቃለሁ። «ገራ» ሆድ ነው፣ ይህንንም አውቃለሁ። ሆዴን ማለቷ ነው አልኩ። ወደ ጤና ተቋም ወሰድናት፤ የሆድ መድኃኒት ታዘዘላት። በርበሬ ከቤት ወጣ። ሙቅ ተሠራ። ጽዋውን በግራ እጇ ትገፋዋለች። ደግማ ትጠራለች። እኔም ደግሜ ሆዷን እዳብሳለሁ። ታለቅሳለች። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆንን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት የመምህርቷን የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ከአንድ አዛውንት አሥር ቃል ጠይቆ መጻፍ። አያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አኮ» አለቻት። እንደ ለመደችው ዝም ብላ ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠጋች። መምህርቷ ያስተማሯቸው እንዲህ ነው፤ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ስሙ።

«አባዬ» አለችኝ ቀና ብላ፤ «ሆዷን አይደለም እኮ። ገራ አላለችም። ጋረ ነው ያለችው።»

«ጋረ ምንድን ነው?»

«ተራራ ነዋ!»

«ተራራ ቱሉ አይደል? ቱሉ ዲምቱ የምንለው…»

«ጋረም ተራራ ነው።» ደብተሯን አወጣችና ሁለቱን ቃላት በቁቤ አስተያይታ ጻፈችልኝ። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል የምትደገምበት ቦታ ነው። አንደኛው መጀመሪያው ላይ ይረዝማል፣ ተራራ። ሌላኛው መጨረሻው ላይ ይረዝማል፣ ሆድ።

ተራራዬን፣ ስትል ነበር።

የእናቴ አልጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ነበር። በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ከዓመታት በፊት ቁም ሳጥን ጋርጠንበታል፤ ብርድ ይገባል ብለን። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ እውነት ነው። ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ቁም ሳጥኑን ጎተትን፣ አልጋውን አዞርን። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ወደ ሰነቴ የሚወጣው ዳገት በመስኮቱ ሙሉ ቆመ። እናቴ እጇን ከቀሚሷ ላይ አነሣች። ዳግመኛ «ጋረ ኮ» አላለችም።

*

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤክሴሉ ያውቀዋል። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኬን አልጋው ላይ አስቀምጣ ትጠይቃታለች። እናቴ በመስኮቱ እያየች አንድ፣ ሁለት ቃል ትሰጣታለች። «ጋራምባ» አሜጃ መሆኑን ከእሷ ሰማሁ። «ጎዳንቱ» የሚለውንም ከእሷ ሰማሁ፤ እንደ ወቅቱ ከብቱን ይዞ ከቆላው ደን ወደ ደጋው ሣር፣ ከደጋው ወደ ማዕድን ውኃው ወደ ሆራው የሚደረግ የግጦሽ ጉዞ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር በዚያ ጉዞ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ይህን ከእናቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁንም የሰማሁት በልጄ አስተርጓሚነት ነው። እናቴ ልጆቿ በአስተርጓሚ እንዳይቆሙ ፈርታ ነበር። በአስተርጓሚ የቆምኩት በሌላ ቦታ ሳይሆን እሷው ፊት ሆነ።

በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ ሲያጣኝ በስልኬ ስለ ሌላ አገር ሰዎች አነብ ነበር። በኒውዚላንድ ማኦሪ የሚባሉት ቀደምት ሕዝቦች ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ብቻ መናገር ሲጀምሩ ደነገጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 አረጋውያኑ ሕፃናቱን ሰብስበው በማኦሪኛ ብቻ የሚያሳድጉባቸውን መዋያዎች ከፈቱ፤ «የቋንቋ ጎጆ» ብለው ሰየሟቸው፣ እንደ ወፍ ጎጆ። በ1987 ቋንቋቸው በሕግ የአገሪቱ ይፋ ቋንቋ ሆነ። በ2018 ደግሞ አንድ የማኦሪ ራዲዮ ጣቢያ ሕዝቡን ጠርቶ፣ ሰዎቹ በየቤታቸው ዐረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፃቸውን ሰጡትና ኮምፒውተር ቋንቋቸውን እንዲሰማ ማስተማር ጀመረ።

ለመምህርቷ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «የኛ ቋንቋ ሚሊዮኖች የሚናገሩት ነው፤ እንደዚያ አያሰጋውም» አሉ። «እኔን የሚያሰጋኝ ቃሉ ነው። ልጁ ኦሮምኛ እየተናገረ ዛፉን ሁሉ ‹ዛፍ›፣ ሣሩን ሁሉ ‹ሣር› ካለ፣ ቋንቋው አለ፤ ተራራው ግን ከቋንቋው ወጥቷል።»

የባንክ ሠራተኛ ነኝና በእኔ ቋንቋ ተረጎምኩት፤ ሂሳቡ አልተዘጋም፣ ተቀማጩ ግን እየወጣ ነው።

*

እናቴ በግንቦት ዐረፈች። ከቀብሯ በኋላ፣ ሐዘንተኛው ሲቀንስ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ አራት መስመር ጻፍኩ። ያን የተሳቀበትን ረጅም ግጥም ቀድጄ ይህችን አስቀርቻለሁ፤

ጉም ለብሰሽ አየሁሽ ጠዋት ከደጃፌ፣
በማላውቀው ስምሽ ስንቱን ግጥም ጽፌ፤
ልጄ ጠራችሽና በያቷ አንደበት፣
ዞር ብለሽ አየሽኝ ስምሽን ሰምተሽ ከቤት።

በሰኔ መምህርቷ የዓመቱን ሪፖርት ይዘው መጡ። እኔም የባንኩን ሂሳብ የምዘጋበት ሳምንት ነበርና ሁለታችንም ዐይናችን ቀልቷል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግብ «ተሳክቷል» ብለው ሞልተዋል። አንደኛው ላይ «ከፊል» ብለው ጽፈዋል።

«ይህን ሁሉ ቃል ሰብስበው ከፊል ይላሉ?» አልኳቸው።

«የእናትህን ዝርዝር ክፈተው።»

ከፈትኩት። ከእናቴ የተገኙት 47 ቃላት ናቸው። አርባ ስድስቱ ትርጉም አላቸው። አርባ ሰባተኛዋ ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት፣ ማለዳ፣ ጉሙ ከዳገቱ ሲነሣ እያየች የተናገረቻት ናት። ልጄ ድምፁን ቀድታዋለች። መምህርቷ አልሰሟትም ነበር። የዲንሾ ሰዎችን ጠየቁ፣ ከዶሎ መና የመጡ ነጋዴዎችን ጠየቁ፣ አንድ የዘጠና ዓመት አዛውንት ጆሯቸው ላይ ስልኩን አስጠግተው አሰሟቸው። ምናልባት የጉም ዓይነት ናት፤ ምናልባት የቦታ ስም፤ ምናልባት በሕፃንነቷ የጠበቀቻት አንዲት ላም ናት። እዚህ አልጽፋትም፤ የትኛው ፊደሏ እንደሚረዝም አላወቅሁምና በአንድ ፊደል ሌላ ነገር እንዳላደርጋት እፈራለሁ።

እኔ ባዶ ሕዋስ አልወድም። ሥራዬ ያልተሞላን መሙላት፣ ያልገጠመን ማስገጠም ነው። «አልታወቀም» ብዬ ልሞላው እጄን ስዘረጋ መምህርቷ ያዙኝ።

«ተወው። ባዶ ይሁን። አልታወቀም ካልክ ተዘጋ ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ግን በየዓመቱ ስከፍተው ያየኛል፤ እኔም እጠይቃለሁ።»

የአንደኛውን ግብ ወደ 2018 ዓ.ም. ዕቅዳቸው አሸጋገሩት። እኔም ያን ማታ በራሴ ማስታወሻ ላይ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ማንም ሳይፈርምልኝ፣ የመጀመሪያዬን ዕቅድ ጻፍኩ። ግቡ አንድ ነው፤ ከልጄ ጋር በቀን አንድ ገጽ ቁቤ ማንበብ።

አሁን ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ልጄ ስታርመኝ አትስቅብኝም። «አባዬ፣ አትቸኩል» ትለኛለች፤ «መጀመሪያ ስማው።»